ገመዱ ወጥቶ ነበር

የእትዬ ያለምወርቅን ጋራዥ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ ያየሁትን ተናገርሁ። ስናገር ሰዉ ጉድ አለ፤ እኔ ያደነቀኝ መሰለኝ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ያቺን ጠዋት ሳስታውስ ፊቴ ይግላል። እፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዕድሜ ብዛት ይበርድልኝ ነበር። ንዴት ነው። ያ ሁሉ ጎልማሳ፣ ያ ሁሉ ባለካባ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ቢጨምርልኝ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ጥያቄዋ ጠፍታቸው አይደለም ያልጠየቁኝ። መልሷን ስለሚያውቁ ነው።

በ1961 ዓ.ም. ሱሉልታ ማለት ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ጎጃም በሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፈ ጥቂት ቤት ነበር። ከቤቱ ጀርባ ውሃ ያቆረ ሜዳ፣ ሣር፣ ከብት፣ እንደገና ሣር። የእኛንና የእትዬ ያለምወርቅን ግቢ የሚለየው የባሕር ዛፍ አጥር ሲሆን እኔን የምታህል ክፍተት ነበረችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያች ሾልኬ እገባለሁ። በወዲያ በኩል ዳርና ዳሩ በድንጋይ የተገነባ ረጅም ጉድጓድ፣ በላዩም በአራት ምሰሶ የቆመ ቆርቆሮ አለ። መኪናው ጉድጓዱ ላይ ይቆማል፤ እትዬ ያለምወርቅ የባሏን ቱታ ለብሳ ከሥር ትሠራለች። ድምፅዋ የሚመጣው ከመሬት ውስጥ ነው። «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ» ትለኛለች፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። እኔም ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የቤንዚንና የእርጥብ አፈር ሽታ እየሳብሁ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ከደብተሩ ይልቅ እሷን ሳነብ እውላለሁ።

ባሏ ኦቦ ሞቱማ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። የቀጠሩት ረዳት ሁሉ የዓባይን በረሃ አንዴ ካየ በኋላ እየጠፋ ቢያስቸግራቸው ሚስታቸውን አስከትለው መጓዝ ጀመሩ። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ተመላለሱ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሲሰበር ጠጋኝ ከየት ይመጣል? ባል ከላይ፣ ሚስት ከሥር ሆነው ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል። ኦቦ ሞቱማ በሳንባ ምች ሲሞቱ መኪናው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ሙያው ግን እሷ ዘንድ ቀረ። ሐዘኗን እንደጨረሰች ጉድጓዱን አስቆፈረች።

ሰው ብዙ ያወራ ነበር። ሴት ልጅ መኪና ሥር ተኝታ፣ ምን ዘመን ነው? የሞተው ባሏ ነው አሉ ብልሽቱን በጆሮዋ የሚነግራት። እኔ ይህን የመጨረሻውን አምኜ፣ መኪናው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ በምታዳምጥበት ጊዜ ኦቦ ሞቱማን እንዳላቋርጣቸው ትንፋሼን እይዝ ነበር። ሹፌሮቹ ግን ለወሬው ደንታ አልነበራቸውም። ከከተማው በኩል፣ እንጦጦ ግርጌ፣ አቶ አሥራት የሚባል ሰው ትልቅ ጋራዥ ነበረው፤ የጎጃም መንገድ ሹፌሮች እሱን አልፈው፣ ተራራውን ወጥተው ወርደው፣ እሷ ዘንድ መቆም ጀመሩ። አቶ አሥራት ይህን እንዳልወደደው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከሊፋ የግራዝማች ዳኜን ኦፔል ይዞ መጣ። ግራዝማች ዳኜ ሰፊ መሬት የነበራቸው፣ የአካባቢውም አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ችሎት የሚያስችሉት እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው። አባቴ ገብረየስ የእሳቸው ጸሐፊ ነበር፤ ከሊፋ ደግሞ ሹፌራቸው።

«እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ? አካም ጅርታ?»

«ፈያ፣ ከሊፋ። ምን ሆነች?»

«ታጨሳለች። ሰማያዊ ጭስ። ግራዝማች ከሰው ፊት ሲደርሱ ቡፍ ትላለች፣ በጣም ተናደዋል። አሥራት ሞተሩ ይውረድ፣ ቴስታታው ይነሳ፣ ፒስቶኑ ይቀየር፣ አንድ ወር ትተኛለች አለን። የልጃቸው ሠርግ ደግሞ የፊታችን እሑድ ነው።»

ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን ራስ፣ የላይኛውን ወፍራም ብረት ነው። እሱ ከተነሳ ሞተሩ ሁሉ ተበትኖ እንደገና መገጣጠም አለበት።

እትዬ ያለምወርቅ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተችም። «እስከ ጫፍ ውጣና ተመለስ» አለችው። እሱ ወደ እንጦጦ ሲወጣ እሷ መንገድ ዳር ቆማ የመኪናዋን ጭራ ተመለከተች። ሲመለስም እዚያው ነበረች። መኪናዋ ቁልቁለቱን እግሩን ከነዳጅ አንስቶ እያንደረደራት ወረደች፤ እኛ ፊት ደርሶ ነዳጅ ሲረግጥ አንድ የጭስ ደመና ተፍታ አለፈች። እትዬ ያለምወርቅ ሳቀች።

«ሽቅብ ስትወጣ አታጨስም፤ አይደለም?»

«አታጨስም።»

«እንግዲያው ፒስቶኑ ጤነኛ ነው። ሞተሩ አልደከመም። ቫልቮቹ አንገት ላይ ዘይት የምታግደው ጎሚኒ ናት የደረቀችው። ቁልቁል ሲወርድ ዘይቱን ይስባል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ያቃጥለዋል፣ ይኸው ነው። ስምንት ጎሚኒ ከፒያሳ ግዛልኝ። አርብ ጠዋት አምጣት፣ ከሰዓት ትወስዳታለህ።»

«ቴስታታው ሳይነሳ?»

«ሳይነሳ።»

አርብ ትምህርት አልነበረንም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁ። የሞተሩን የላይ ክዳን አነሳች፣ ከሥሩ ስምንት የብረት ሞላዎች እንደ ተማሪ ተሰልፈው ቆመዋል። እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታች። ከዚያ ከሣጥኗ አንድ ነጭ የጥጥ ገመድ አወጣች። አጥባ፣ አድርቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ነው። ጫፉን በካንዴላው ቀዳዳ አስገባች፤ በጣቷ እየገፋች፣ እየገፋች ትከተዋለች፣ ሞተሩም እየዋጠ ይሄዳል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጥቂት ሲቀረው ተወችውና የሞተር ማዞሪያውን ማኖቬላ ከፊት ሰክታ በዝግታ አዞረችው፤ እምቢ እስኪላት ድረስ። ቀጥላ፣ ራሷ ባሠራችው ሹካ መሰል ብረት አንዱን ሞላ ወደ ታች ደፍጥጣ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ብረቶችን አወጣችና ከንፈሯ መካከል ያዘቻቸው።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው ገመድ የምታበያት?» አልኋት።

«እንዳይወድቅ ነው» አለችኝ ከንፈሯን ሳትከፍት።

ምኑ እንዳይወድቅ? አልጠየቅኋትም። ልቧ ይሆናል አልሁ በሆዴ። መኪናዋን እያከመቻት ነው፣ ልቧ እንዳይወድቅ ከሥር ታስራዋለች። ሞላው ተነስቶ ከሥሩ የወጣችው የድሮዋ ጎሚኒ እንደ ደረቀ የዳቦ ቅርፊት ተፈረፈረች። አዲሷን ዘይት ቀብታ በአውራ ጣቷ ስትጫናት ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሞላውን መለሰች፣ ትንንሾቹን ብረቶች መለሰች። የዚያችን ቀዳዳ ሁለቱን ቫልቭ ስትጨርስ ማኖቬላውን ወደ ኋላ መልሳ ገመዱን ሳበችው። ወጣ። ጫፉ በጥላሸት ጠቁሮ፣ ሙሉ በሙሉ ወጣ።

አራት ጊዜ አስገባች፣ አራት ጊዜ አወጣች። በመጨረሻው «ያዢ» ብላ ሰጠችኝ፤ እኔ ነኝ በክንዴ ላይ ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ የመለስሁት። ከሊፋ ከሰዓት መጥቶ ሲያስነሳት አንዲት ክር ጭስ አልወጣም። ተራራውን ወጣ፣ ወረደ፣ ነዳጅ ረገጠ። ምንም። መኪናዋ ውስጥ ሆኖ ጡሩንባውን እየነፋ አልፎን ሄደ። ያን ዕለት እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። ለእናቴም ለአባቴም በእጄ እያሳየሁ ሁለት ጊዜ አወራሁላቸው።

ግራዝማች ሠርጉ ላይ ያለ ጭስ ገቡ። መኪናዋ ከተጠገነች ወዲያ እንደ ልቧ ስትሄድ ስትመጣ አሥራ ሰባት ቀን ሞላት። በአሥራ ሰባተኛው፣ እሑድ ቀን፣ ጫንጮ መንገድ ላይ ቆመች። ሞተሩ ተቃጥሏል ተባለ። በበሬ ተጎትታ ስትመጣ የመንደሩ ልጆች ከኋላ እየሮጥን አጅበን አስገባናት።

በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ነገር ነበር። ወላጆቼ ጓዳ ውስጥ ሲነጋገሩ ከፊሉን እሰማለሁ።

«ልጅቷ ካየችው በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል?» ይላል አባቴ።

«ጎረቤቴ ናት፣ ገብረየስ! ስወልድ ያረሰችኝ ሴት ናት» ትላለች እናቴ ማሪቱ።

«እኔ ምን አደረግሁ? ልጅቷ ያየችውን ትናገር ነው ያልሁት። ውሸት ተናገሪ አላልኋትም።»

ያን ጊዜ የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ አባቴ የሆነ ትልቅ ስፍራ ሊወስደኝ ነው፣ እናቴ ደግሞ ቅር ብሏታል። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን አላበጥርም ብላ ፊቷን አዞረች። አባቴ በማያውቅበት እጁ እያመመኝ አበጠረኝ። እናቴ ቀናች ብዬ አዘንሁባት።

«አትፍሪ» አለኝ መንገድ ላይ እጄን ይዞ። «ስለ ገመዱ ይጠይቁሻል። ያየሽውን ትነግሪያቸዋለሽ።»

ምን ያስፈራኛል! በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የሚበልጠውን ተአምር ንገሪ ነው የተባልሁት። እትዬ ያለምወርቅን ሊሸልሟት እንደሆነ አልተጠራጠርሁም።

ግራዝማች ግቢያቸው ውስጥ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከሳሹ እሳቸው፣ ዳኛውም እሳቸው። አባቴ ከጎናቸው ጠረጴዛ ላይ ቀለሙንና መዝገቡን ዘረጋ። አቶ አሥራት በግራጫ ኮቱ «አዋቂ» ተብሎ ተጠርቶ ከፊት ተቀምጧል። ከሊፋ አልነበረም፤ ወደ ሙገር ተልኳል አሉ። እትዬ ያለምወርቅ ቱታዋን ትታ ነጠላ ለብሳ ቆማለች። ያለ ቱታዋ ትንሽ መሰለችኝ። እጄን አወዛወዝሁላት።

«ልጅቷ ትቅረብ» አሉ ግራዝማች። «ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?»

«እትዬ ናት» አልሁ። ሰው ሳቀ።

«የእኔን መኪና ስትነካ አይተሻል?»

«አዎ። ቀኑን ሙሉ።»

«ምን አደረገች?»

«ገመድ ከተተችባት።»

ከኋላዬ «እግዚኦ!» የሚል ድምፅ ተነሳ። ደስ አለኝ።

«የት ነው የከተተችው?»

«ሆዷ ውስጥ። በካንዴላው ቀዳዳ።»

«ምን ያህላል?»

«ረጅም ነው። ከዚህ እስከ በሩ ይደርሳል።» ይህች ብቻ ውሸት ናት። ለእትዬ ክብር ብዬ ነው ያስረዘምሁት።

አቶ አሥራት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ገመድ? ሞተር ውስጥ? ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም!»

«ለምን እንደምትከት ነግራሻለች?» አሉ ግራዝማች።

«እንዳይወድቅ ነው ብላኛለች።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። «ከዚያ ደግሞ...» ብዬ ስቀጥል ግራዝማች እጃቸውን አነሱ።

«በቃሽ። ጎበዝ ልጅ ነሽ። ሂጂ፣ አባትሽ ጋ ቁሚ።»

ያን ጊዜ እትዬ ያለምወርቅ ተናገረች። «ግራዝማች፣ ልጅቷን አንድ ነገር ልጠይቃት።»

«እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይጠይቁልኝ። ገመዱን አውጥቼው እንደሆነ ይጠይቁልኝ። አንዲት ቃል ናት።»

ግራዝማች ወደ አባቴ ዞሩ። «ተጽፏል?»

«ተጽፏል፣ ጌታዬ» አለ አባቴ ራሱን ሳያነሳ።

መልሱን ስለማውቀው እንደ ትምህርት ቤት እጄን አውጥቼ ነበር። አባቴ ክንዴን ይዞ ወደ ታች አወረደው። ጨዋ ልጅ ሳትጠራ አትናገርም ማለቱ መሰለኝ።

ፍርዱን ሰማሁ፤ ቃሉን ግን በራሴ መንገድ ነው የተረጎምሁት። «ዕቃዋ ይታሸግ» አሉ። እኔ የማውቀው ማሸግ የሱቅ ዕቃ በወረቀት ተጠቅልሎ በሲባጎ ሲታሰር ነው፤ ስጦታ ሊያሽጉላት ነው አልሁ። «ከእንግዲህ በዚህ ቦታ አትሠራም» አሉ። ወደ ተሻለ ቦታ ሊወስዷት ነው አልሁ። እትዬ ያለምወርቅ ስትወጣ አየችኝ። ጥርሴን ሁሉ አሳይቻት ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ለጥቂት ጊዜ አይታኝ ሄደች።

ሰኞ አራት ሰዎች አካፋ ይዘው መጥተው ጉድጓዱን ሞሉት። የመሣሪያ ሣጥኗን የአቶ አሥራት መኪና መጥታ ወሰደችው። በሳምንቱ ቤቷ ባዶ ነበር። «የት ሄደች?» ብዬ አባቴን ብጠይቀው «ትልቅ ሥራ አግኝታለች» አለኝ። አመንሁት። ዓመታት ሙሉ ከእንጦጦ የሚወርድ ጥቁር መኪና ባየሁ ቁጥር እትዬ ያለምወርቅ ውስጡ ትኖር እንደሆነ በመስኮቱ አጮልቅ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ እውነቱን ነገረችኝ፤ የምታውቀውን ያህል። መኪናዋን አበላሽተሻል ተብላ መባረሯን ነገረችኝ። አለቀስሁ። ነገር ግን ሰው ራሱን ማጽናኛ አያጣም፤ መቼስ እውነቱን ነው የተናገርሁት አልሁ። ያልተማረች ሴት ነበረች፣ ሞተር ውስጥ ገመድ ከትታ መኪናውን ሳታበላሸው አልቀረችም አልሁ። ገመዱን በገዛ ክንዴ የጠቀለልሁ ልጅ፣ ይህን ለራሴ አሳመንሁ! ከልጅነት ስህተቴ ይልቅ በዚህኛው ነው ዛሬ ይበልጥ የምናደደው።

በ1976 ዓ.ም. ቡራዩ አስተማሪ ነበርሁ። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ አምቦ መንገድ ዳር ካለች ጠባብ ጋራዥ ፊት፣ አንድ ጎልማሳ በውይይት ታክሲ ሞተር ላይ አጎንብሶ በካንዴላው ቀዳዳ ነጭ ገመድ ሲያስገባ አየሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት። ስሙ ሁንዴ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት።

«የቫልቭ ጎሚኒ እየቀየርሁ ነው፣ እህቴ።»

«ገመዱ ለምንድን ነው?»

ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር፤ ቀና ብሎ በእጁ አሳየኝ። «ቫልቩን ወደ ላይ ጎትቶ የሚይዘው ይህ ሞላ ነው። ሞላውን ካነሳሁት ቫልቩ ተንሸራቶ ሆዱ ውስጥ ይወድቃል። ከወደቀ ቴስታታውን ማንሳት ግድ ነው። እና ገመዱን እከታለሁ፣ ፒስቶኑን ወደ ላይ አዞራለሁ፣ ፒስቶኑ ገመዱን ይገፋል፣ ገመዱ ቫልቩን ከሥር ደግፎ ይይዘዋል። እንዳይወድቅ ነው።»

እንዳይወድቅ።

«ገመዱ ሳይወጣ ቢቀርስ? ሠሪው ቢረሳውስ?»

«ቢቀርማ ሞተሩ አንድ ዙር አይዞርም። አትነሳም።»

«ተነስታ አሥራ ሰባት ቀን ከሄደች በኋላስ ብትበላሽ?»

ሳቀብኝ። «አሥራ ሰባት ቀን? አሥራ ሰባት ክንድም አትሄድም። ይህን ሞተር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

አቶ አሥራት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ታየኝ። ሃያ ዓመት ሲሠራ። ሞተር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ።

«ማን አስተማረህ?» አልሁት።

በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከተኝ። ከኋላ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ቱታ የለበሱ መነጽር ያደረጉ ሴት ትሪ ላይ ትንንሽ ብረቶች ይለቅማሉ። ፀጉራቸው ነጥቷል። ፊታቸው ደርሼ ቆምሁ።

«እትዬ፣ አትክልት ነኝ። የአቶ ገብረየስ ልጅ። የሱሉልታዋ።»

«አውቄሻለሁ፤ ግንባርሽ የእናትሽ ነው። ማሪቱ ደህና ናት?»

«አርፋለች።»

«ነፍሷን ይማረው። ያረስኋት እኮ እኔ ነኝ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በዘይት እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። «ተነሺ፤ ቀሚስሽን ታቆሽሺዋለሽ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ ያጠፋሁዎት። ገመዱ መውጣቱን አይቻለሁ፣ ልናገር ነበር፣ እጄን አውጥቼ ነበር...»

«አይቼሻለሁ፣ እጅሽን ስታወጪ። ያወረደውንም እጅ አይቻለሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ ኢንታላ ኮ። አባትሽ ስንት ዓመቱ ነበር?»

ከዚያ በኋላ የሆኑትን ነገሩኝ። ቡራዩ ሲመጡ ካላቸው ዕቃ ሁሉ የቀራቸው የለበሱት ነበር። በሰው ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ብረት አጣቢ ሆነው ኖረዋል። ከእሳቸው ያነሰ የሚያውቅ ሰው ሲያበላሽ እያዩ፣ «መኪና ያጠፋች ሴት» የሚለው ወሬ ከሱሉልታ ድረስ ተከትሏቸው ስለነበረ፣ ቁልፍ የሚያስጨብጣቸው አልነበረም። አራት ዓመት! ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ጥርሴን ያንገጫገጨው የእኔው ንዴት ነው።

በዚያው ዕለት ሱሉልታ ሄድሁ። አባቴ በረንዳው ላይ የማምሻ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ሰላም ሳልለው ጀመርሁ።

«መኪናዋ የተቃጠለችው በገመዱ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?»

አይክድም ነበር አባቴ፤ ይህን አልነሳውም።

«መኪናዋ ውስጥ ነበርሁ» አለ። «የነዳው የግራዝማች የእህታቸው ልጅ ነው። ጫንጮ ሳንደርስ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። ቆመን ውሃ እንጨምር አልሁት። ዝም በል አለኝ። ዝም አልሁ። ግራዝማችም የእህታቸው ልጅ ስሙ እንዲነሳ አልፈለጉም።»

«ምስክር አምጣ ብለው አስገደዱህ?»

«የለም። ምስክር ጠፋ ሲባባሉ ሰማሁ። ልጄ አይታለች አልኋቸው። እኔ ነኝ ያልሁት።»

«እኔ ግን ገመዱ መውጣቱንም አይቻለሁ! አልጠየቅኸኝም እንጂ...»

«መጠየቅ አላስፈለገኝም» አለ፤ አሁን ድምፁ ተሰበረ። «የዕለቱ ዕለት እራት ላይ ነግረሽኝ የለ? በክንድሽ እንዴት እንደጠቀለልሽው ሁለት ጊዜ አሳይተሽኛል።»

ተነሳሁ። ሊያነቃኝ ሲመጣ፣ ሊያበጥረኝ ሲቀመጥ፣ እጄን ይዞ ሲወስደኝ፣ ያውቅ ነበር። «እንግዲያው ሄደህ ለእሳቸው ንገራቸው» አልሁት። «ያሉት ቡራዩ ነው።»

«አርጅቻለሁ፣ ልጄ። ያ ዘመን አልፏል።»

«እሳቸውም አርጅተዋል» ብዬው ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት አልሄድሁበትም። በአራተኛው፣ አርብ ከሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንግዳ አለሽ ብሎ ጠራኝ። አባቴ ነው። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በሁለት አውቶቡስ ተቀያይሮ ብቻውን መጥቷል። «አሳዪኝ» አለኝ ብቻ።

ጋራዡ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩ ተነስቶ ያጓራ ነበር። እትዬ ያለምወርቅ አባቴን አዩት፤ አወቁት። ወንበር አልሰጡትም። ፊታቸው ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ይታየኛል፤ ቃሉ ግን በሞተሩ ድምፅ ተውጦ አይሰማም። እትዬ ያለምወርቅ እጃቸውን ወደ ሁንዴ አነሱ።

«አጥፋው።»

ሞተሩ ጠፋ። ሁንዴ፣ ሹፌሩ፣ ሁለት ሠራተኞች፣ ጎማ ሊያስነፉ የመጡ ሰዎች፣ ሁሉም ዞረው ማየት ጀመሩ።

«አሁን ይናገሩ፣ አቶ ገብረየስ» አሉ እትዬ ያለምወርቅ። «ጮክ ብለው። እነዚህም ይስሙ።»

አባቴ ተናገረ። ከጫንጮ መንገድ ጀመረ። ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ ዝምታው፣ ስለ እራቱ፣ ስለ እኔ እጅ፣ «ተጽፏል» ስላለው ቃል፣ ሁሉንም ተናገረ። መካከል ላይ ድምፁ ሲደክም «አልሰማሁም» አሉት፤ ደገመው። እኔ ወደ መሬት አላየሁም። ፊቱን ነው ያየሁት፣ እስከ መጨረሻው።

ሲጨርስ እትዬ ያለምወርቅ «ሰማሁ» አሉ። ከዚያ ትሪያቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ዞሩ። «ሁንዴ፣ ቀጥል።»

መንገድ ዳር አውቶቡስ ስንጠብቅ አባቴ ባርኔጣውን በጣቶቹ ያዞር ነበር።

«ይቅር ያለችኝ ይመስልሻል?» አለኝ።

«ሰማሁ ነው ያሉህ፣ አባዬ» አልሁት።